እሺ ስል እሺ ማለቴ አይደለም

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

የመጀመሪያ የትምህርት ቀን። ዝናብ። አውቶቡሱ አራት ደቂቃ ዘገየ፣ እኔ ደግሞ አርባ ደቂቃ ቀድሜ ነበር የቆምኩት። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። በተራመድኩ ቁጥር ጭቅ ጭቅ ሲል ዋለ... ኮሌጁ በሙሉ መምጣቴን ሰምቷል።

ሦስት ትምህርት ይዣለሁ። ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የንግግር ትምህርት። እያንዳንዱ አምስት ክሬዲት። ሂሳቡን ወደድኩት፣ ሂሳብ ሰው አያስለፈልፍም። የንግግር ትምህርቱ ግን... ሃያ ምናምን ሰው ፊት ቆሞ ማውራት። ማን ነው ይሄን የመረጠልኝ? ትሬሲ ናት፣ የውጭ አገር ተማሪዎች አማካሪዋ። "ይሄን ብትጨምሪ ይጠቅምሻል" አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ እሺ ያላልኩት ነገር አለ እንዴ?

መምህርቷ ሚስ ሃች ስም ጠሩ። "ፍኑ?" ዝምታ። "ፍኑ ዋርሲኒ?" ዋርሲኒስ እኔ ነኝ። እጄን አወጣሁ። ቆይ፣ ፍኑ ምንድን ነው? መታወቂያዬን አየሁት፣ እውነትም ፍኑ ዋርሲኒ ይላል። ቪዛዬ ላይም FNU የምትል ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ነበረች፣ የቪዛው ዓይነት መስላኝ ነበር። እኛ ቤት ሁላችንም ያለን አንድ አንድ ስም ነው። አባቴ አንድ፣ እናቴ አንድ፣ እኔ ዋርሲኒ። አለቀ። ጃቫ ውስጥ ማንም ሌላውን ስም የት ጣልሽው ብሎኝ አያውቅም።

ትንሽ ቆይተው "ፍኑ ዝማራይ?" አሉ። ከኋላ ወንበር ጢማቸው የሸበተ አንድ አፍጋኒስታናዊ "አለሁ" አሉ። ያን ጊዜ በራልኝ። ፍኑ ማዕረግ ነው። አዲስ ለመጣ ሰው የሚሰጥ፣ እንደ ወይዘሪት ያለ ነገር። ደስ አለኝ። ሰው አክባሪዎች ናቸው ለካ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 25

ለቡዴ ሬትኖ ነገርኳት። ቡዴ ማለት እኛ ጋ የእናት ታላቅ እህት ናት፣ ያለሁት እሷ ቤት ነው። እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመቷ።

"ፍኑ ነው የሚሉሽ?"

"አዎ። ማዕረግ ነው።"

"ሰምቼው አላውቅም።"

በቅርብ የወጣ ይሆናል ብዬ አስረዳኋት። ሃያ ሁለት ዓመት ለኖረች ሴት፣ በሁለት ቀኔ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ማዕረጉን መጠቀም ጀመርኩ። ትናንት አጠገቤ የምትቀመጠዋን ኮሪያዊት "ፍኑ ሶዮን፣ እስክሪብቶ ይኖርሻል?" አልኳት። "እኔ ፍኑ አይደለሁም" አለችኝ። ትሑት ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ደግሞ ለመምህርቷ ኢሜይል ጻፍኩ። ንግግር ሲደረግ ተቀምጦ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ። "ለተከበሩ ፍኑ ሃች" ብዬ ጀመርኩ። አራት ጊዜ አንብቤ ነው የላክሁት። ቆንጆ ደብዳቤ ናት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

መልስ መጣ። "ውድ ፍኑ፣ ንግግሩ ተቁሞ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ስም ግን ይታወቃል፣ ዲ ነው። ዲ ብለሽ ጥሪኝ።"

ይታወቃል? ምን ማለታቸው ነው? ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ሦስቱ ፊደላት "የመጀመሪያ ስም አይታወቅም" የሚለው ማሳጠሪያ ናቸው። አንድ ስም ብቻ ላለው ሰው ቪዛው ላይ የሚሞላ።

ክው አልኩ። መምህሬን "የተከበሩ ስምዎ የማይታወቅ ሃች" ብያቸዋለሁ። ሶዮንን "ስምሽ የማይታወቅ፣ እስክሪብቶ ይኖርሻል?" ብያታለሁ። ምነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... ለቡዴስ ምን ልበላት?

ሲያልቅ ከክፍል ደጃፍ ጋሽ ዝማራይን አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ለካ ያውቁታል። ስቀው ሲያበቁ፣ "ፍኑ ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው" አሉኝ። "የምሠራበት መጋዘን ፍኑ ይለኛል። ሐኪሜ ፍኑ ይለኛል። አባዬ የምትለኝ ልጄ ብቻ ናት።"

"ለምን አላረሟቸውም?"

"አንቺስ ልታርሚያቸው ነው?"

"በይ እንግዲህ" አሉ፣ "እኔ ትልቁ ፍኑ፣ አንቺ ትንሿ ፍኑ።"

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

ቤተ መጻሕፍት፦ "ሰላም ፍኑ።" እሺ። ካፊቴሪያ፣ ኩባያው ላይ፦ ፍኑ። እሺ። የሂሳብ አስተማሪው ዛሬ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ፈገግ ብዬ መለስኩ። አሁን ተነስቼ ስሜ እሱ አይደለም ብላቸው እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። ያሳፍራቸዋል። እነሱ ከሚያፍሩ እኔ ስም የሌለኝ ብሆን ይሻላል።

ቡዴ ስትሰማ ማንኪያዋን ወረወረችው። እኔ ላይ አይደለም፣ ድስቱ ውስጥ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ተሳካልኝ። እኔ ራሴ።

ቡዴ ናት የላከችኝ። "ሬጅስትራር ሂጂና ፍኑ የሚለው ይሰረዝልኝ በይ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።" አውቶቡስ ውስጥ ስለማመዳት መጣሁ። ይሰረዝልኝ... ይሰረዝልኝ... አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ወንበር ቀየረች።

በሩ ላይ ባለው ማሽን ስም አስገብቶ፣ ጉዳይ መርጦ መጠበቅ ነው። ጋሽ ዝማራይ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። የንግግር ትምህርቱን ሊያሰርዙት መጥተው ነው። ከባድ መኪና ጥገና ነው የሚማሩት፣ ንግግሩ የግድ ስለሆነ ነው የገቡት። "ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ" አሉኝ። "ስልሳ ሰው ከኋላዬ ጭኜ። ከኋላዬ ሲሆኑ ግድ የለኝም። ፊት ለፊቴ ሲቀመጡ ነው የምፈራው።" አለቃቸው ደወለና ስልኩን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ።

ወዲያው ሰሌዳው ላይ "ፍኑ" በራ። ተነሳሁ። ፍኑ ነኛ።

መስታወቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎም አላየኝ። መታወቂያዬን ተቀበለኝ። አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "እሰርዘዋለሁ ማለት ነው" አለኝ። እንዴት አወቀ? ማሽኑ ነግሮት ይሆናል። እሺ አልኩ። ከዚያ በጥድፊያ ብዙ ነገር ተናገረ፣ "ንግግር" የምትል ቃል ሰምቻለሁ... ልጠይቀው ይሆን? ሰው ሥራ ላይ እያለ ማቋረጥ ነውር ነው። እሺ አልኩ። "መመለስ አይቻልም" አለ። ማንስ ፍኑን ይመልስልኝ አለ? እሺ። "እዚህ ላይ ፈርሚ።" እሺ።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በኩራት ወጣሁ። ጋሽ ዝማራይ አሁንም ስልክ ላይ ናቸው። በእጄ ቻው አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ሚስ ሃች ስም ጠሩ። "ፍኑ?" ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ፍኑ አይደለሁማ። "ፍኑ?" አሉ ደግመው ወደ እኔ እያዩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ዋርሲኒ እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። ኮምፒዩተሩ ገና አልሰማ ይሆናል፣ ትናንት ነው የተሰረዘው።

ጋሽ ዝማራይ የሉም። ተሳክቶላቸዋል ማለት ነው። እሰይ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬም ዋርሲኒ አልተጠራም። ቢሮክራሲ።

ስኬትቦርድ ያዘለ አዲስ ተማሪ መጣ። ከተጠባባቂ ዝርዝር ነው፣ አንድ ሰው ስለወጣ ቦታ አገኘሁ አለኝ። እስክሪብቶ ሰጠሁት፣ ያመለጠውን ከማስታወሻዬ አስገለበጥኩት። ወንበሬንም ለቀቅኩለት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ስለሆነ። በጣም አመሰገነኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ኢሜይሉን ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የምጽፈው።

ኢሜይል ከትሬሲ ቢሮ። "የንግግር ትምህርቱን በኦክቶበር 8 ስለሰረዝሽ የቀረሽ አሥር ክሬዲት ነው። የውጭ አገር ተማሪ ከአሥራ ሁለት በታች መሆን አይችልም። እስከ ዓርብ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ካልተስተካከለ የተማሪነት ፈቃድሽ ይቋረጣል።"

ቦርሳዬን ዘረገፍኩት። ወረቀቱ ከታች ተጨማዷል። "ፍኑ ዋርሲኒ፣ የንግግር ትምህርት፣ ተሰርዟል።" ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ያማረ ፊርማ።

ስሜን አይደለም የሰረዝኩት። ራሴን ነው። ለተካኝ ልጅ ደግሞ እስክሪብቶ ጨምሬ አስረክቤዋለሁ።

ሳስበው... ሰፈሩ ሁሉ በሁለት ሚኒባስ ነው እስከ ኤርፖርት የሸኘኝ። የሽኝቱ ድንኳን ገና አልተነቀለም ይሆናል። መምህሬ ፓክ ሱጊማን፣ ሂሳብ ያስያዙኝ ሰው፣ እያለቀሱ ነው የሸኙኝ። ሁለት ዓመት እዚህ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሂሳብ እስከ መጨረሻው... ይሄ ነበር ሐሳቡ። በአራተኛ ሳምንቴ ተመልሼ ምን ልላቸው ነው? እሺ ስላልኩ ተባረርኩ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ትሬሲ ጋ ሄድኩ። ሁሉን ነገር ላስረዳ። ጥሩ ሰው ናት፣ ድምጿ ለስላሳ ነው። ችግሬም ይኸው ነው፣ የሚቆጣኝ ሰው ቢሆን ሳለቅስ ይገባው ነበር።

"ትምህርቱን መሰረዝሽን አይቻለሁ" አለች።

"እሺ።"

"ከብዶሽ ነው፣ ይገባኛል።"

"እሺ።"

"አንዳንዴ ወደ አገር ተመልሶ፣ ዐረፍ ብሎ፣ በሌላ ጊዜ መምጣት ይሻላል። የመውጫ ቅጹን ላትምልሽ።"

"እሺ" አልኩ። አመሰግናለሁም አልኩ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቅጹን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ቡዴ ቅጹን አነበበችው። ገለበጠችውና ጀርባውንም አየችው።

"አገር እንዳልለቅ ላስረዳ ብለሽ ሄደሽ የአገር መልቀቂያ ይዘሽ መጣሽ?"

"ሰጠችኝ።"

"ስሚ አንቺ ልጅ። ቤትሽ ሆነሽ በቋንቋችን ኢንጊህ፣ እሺ ስትዪ ሰማሁ ማለትሽ እንደሆነ ያገር ሰው ያውቃል። እሺ ብላለች ግን ትመጣለች ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቅሻል። እዚህ ሦስት ጊዜ የሚጠይቅሽ የለም። እሺ ካልሽ ያስፈርሙሻል።"

ከዚያ ጠረጴዛ ጋ አስቀምጣኝ ታለማምደኝ ጀመር። ሳህኔ ላይ ሩዝ ጨመረች። "ይበቃሻል ወይስ ልድገምሽ?" እንቢ ማለት ነበረብኝ። ደገመችኝ። "ቴምፔስ?" እሺ። "ሳምባልስ?" እሺ። በአራተኛው ሳህን አተነፋፈሴ ተቀየረ። ቡዴ ተስፋ ቆርጣ ሳህኔን ራሷ አነሳችው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ጠዋት ሚስ ሃችን ክፍላቸው በር ላይ ያዝኳቸው። ሳይጠይቁኝ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፣ ግማሹን ተረዱ መሰለኝ። ሃያ አራት ወንበር ነው፣ ሞልቷል፣ አንድም ሰው መጨመር አይፈቀድልኝም አሉ። አንድ ሰው ከወጣ ግን ፈርመው ያስገቡኛል። "ነገ ስምንት ሰዓት ቢሮዬ ነይ። ሌላው ፍኑ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የቀረው?"

ሌላው ፍኑ። ትልቁ ፍኑ። ስማቸው አልተሰረዘም ማለት ነው... የእሳቸውን ስረዛ ነው እኔ የፈረምኩት። ወንበራቸው ባዶ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው። ወደ ጥገና ክፍል በሩጫ ሄድኩ።

ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ወጡ። ነገርኳቸው። ይስቃሉ፣ ያስላሉ፣ ይስቃሉ። "ስልኬን ጨርሼ ስመለስ ሰሌዳው ላይ ፍኑ ተጠናቋል ይላል! ማሽኑ ገብቶታል ብዬ ወጣሁ እኮ።" ከዚያ ሳቁ ቆመ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"ታዲያ እኔ አሁንም የንግግር ተማሪ ነኝ?"

"ነዎት።"

"ልጄ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። አባዬ ፈርተህ ሸሸህ ብላ። ለካ አልሸሸሁም።" ፊታቸው ሲበራ አየሁት። "አላህ ነው ያስቀረኝ። እንግዲህ ልቆይበት። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ፈጣን ነሽ፣ ሌላ ክፍል አታጪም። እሺ የኔ ልጅ?"

እሺ አልኩ።

እሺ። ብቸኛዋን ወንበሬን ለሁለተኛ ጊዜ ሰጠሁ። ዘንድሮ የወንበር አከፋፋይ ሆኛለሁ። ሌላ የሚበቃኝ ክፍል እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሁሉም ተዘግቷል፣ አይቼዋለሁ። አልነገርኳቸውም። ፊታቸው በርቶ ነበራ።

ቡዴ ዛሬ አልተቆጣችም። ሻንጣዬ የት እንዳለ ብቻ ጠየቀችኝ። ይሄ ይብሳል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

እንዳልረሳው በዝርዝር ልጻፈው።

ስምንት ሰዓት ሚስ ሃች ቢሮ። ጋሽ ዝማራይ ቀድመው ተቀምጠዋል። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ጢማቸው ተከርክሟል። ስለቀሩባቸው ቀናት ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ልጃቸው ናት የተኮሰችላቸው፣ ያስታውቃል።

ሚስ ሃች ደስ ብሏቸዋል። "ዝማራይ ተነጋግራችሁ መስማማታችሁን ነገረኝ። እሱ ይቆያል። አንቺን ደግሞ ለጃንዋሪ የመጀመሪያዋ አድርጌ እመዘግብሻለሁ። ትረጋጊያለሽ፣ እንግሊዝኛሽም ይሻሻላል። ይሄ ይሻላል፣ አይደል?"

ምን ዓይነት ደግ ፊት ነው። ሁለቱም ፈገግ ብለው እያዩኝ ነው። እሺ የምትለዋ ቃል ጥርሴ ጋ ደርሳለች። ፓክ ሱጊማን ታዩኝ። ሁለቱ ሚኒባሶች ታዩኝ።

"አይ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ማን ነው ያለው ብዬ ዞር አልኩ። እኔ ነኝ።

ከዚያ ማቆም አቃተኝ። "ትናንት እሺ ያልኩት እሺ አልነበረም። ትሬሲ ጋ ያልኩትም። ሬጅስትራር ያልኩትም። እሺ ስል ሰምቻለሁ ማለቴ ነው፣ እስማማለሁ ማለቴ አይደለም። ጋሽ ዝማራይ በጃንዋሪ መማር ይችላሉ። እኔ ዛሬ ካልገባሁ በጃንዋሪ እዚህ አገር የለሁም። ወንበሩን እፈልገዋለሁ።"

ሚስ ሃች መነጽራቸውን አወለቁ።

"ውሃ ልስጥሽ?"

"አይ።" በውሃ ጥም እየሞትኩ።

"መስኮቱን ልክፈተው?"

"አይ።" ላብ በላብ ሆኜ።

ቅጹን አወጡና መጻፍ ጀመሩ። "ስምሽን ፍኑ ብዬ ልጻፈው?"

"አይ።"

ጋሽ ዝማራይ እጃቸውን እያዩ ነበር። ጥፍራቸው ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀም። የስረዛውን ቅጽ ተቀብለው ፈረሙ። ቀስ ብለው ነው የፈረሙት። ተነሱ። "ደህና ዋይ" አሉኝ፣ ልጄም ትንሿ ፍኑም ሳይሉኝ ወጡ።

ትሬሲ ጋ የደረስኩት አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ቅጹን አየች፣ እኔን አየች። "ይሄኛውን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኩ። አዎ ነው ያልኩት። ተመዘገበ።

ቡዴ በሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ግን የእኔ ለቅሶ ለሌላ ነው። በዚህ አገር የመጀመሪያዬን እንቢታ ያወጣሁት ለማን ነው? ደግ ለሆነልኝ ሰው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

"ዋርሲኒ?"

"አለሁ።"

ሶዮን ዞራ "ዋርሲኒ ማን ናት?" አለችኝ።

የኋላው ወንበር ባዶ ነው። አዝኛለሁ። አልተጸጸትኩም ግን... ደግሜ ደጋግሜ ራሴን ጠየቅኩ፣ አልተጸጸትኩም። ይሄ ነገር ትንሽ አስፈራኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ጋሽ ዝማራይን ከሩቅ አየኋቸው። አንድ የብስኩት መሸጫ ማሽን ጀርባ ተደበቅኩ። ማሽኑ ግልጽ መስታወት ነው ለካ። ያዩኝ ይመስለኛል፣ በብስኩቶቹ መካከል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

የመጀመሪያ ንግግሬ። አምስት ደቂቃ ነበር የተፈቀደው፣ በሁለት ደቂቃ ከሃያ ጨረስኩ። ስለ ቴምፔ አሠራር ነው። አኩሪ አተሩ መጀመሪያ መቀቀሉን ረስቼ ዘለልኩት፣ ሃያ ሦስት ሰው ጥሬ አኩሪ አተር ሊያቦካ ነው። ሚስ ሃች "ቀጥ ብለሽ ቆመሻል" አሉኝ። ከዚያ ሌላ የሚባል ነገር አጥተው ነው።

ባለ ስኬትቦርዱ ጮክ ብሎ አጨበጨበልኝ። እስክሪብቶዬን ግን አልመለሰም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ካፊቴሪያ ሾርባዬን እየጠጣሁ ፊት ለፊቴ ወንበር ተሳበ። ጋሽ ዝማራይ። ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ።

"ልጄ ስለ አንቺ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? አባዬ፣ ልጅቷ ልክ ናት አለችኝ። እኔ ደግሞ ባለጌ ናት አልኳት። ይኸው አንድ ወር ተጨቃጨቅን።"

"ማን አሸነፈ?"

"እሷን አሸንፌያት አላውቅም።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። "ወንበርሽን ነው የወሰድሽው። በዋዜማው ብትነግሪኝ ግን ይሻል ነበር። እኔ እኮ ያን ሸሚዝ ለብሼ መጥቼ..." አልጨረሱትም። አፈርኩ። ልክ ናቸው። እሺ ብዬ ባልዋሸኋቸው ኖሮ ሸሚዙም አይተኮስም፣ ጢሙም አይከረከምም ነበር። የጎዳቸው አይ ማለቴ አይደለም፣ ሐሙስ ዕለት ያልኩት እሺ ነው። ይሄንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ከዳቦዬ ቆርሰው ሾርባዬ ውስጥ ነከሩ።

ለጃንዋሪ ተመዝግበዋል።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

ጋሽ ዝማራይ ትናንት ላኩብኝ። ከጃንዋሪ በፊት አንድ ንግግር ልሞክር፣ መጥተሽ ስሚኝ ብለው። ከሰዓት ባዶ ክፍል ፈልገን ገባን። እኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊታቸው። ከፈለጉ ከኋላ ልሁን አልኳቸው፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ አሉኝ።

ርዕሱ፦ አንድ ሹፌር ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን እንዴት እንደሚፈትሽ። ጀመሩ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሰሌዳው ላይ የፍሬኑን ሥዕል ለመሣል ዞሩ፣ በዚያው ቀሩ። ሙሉውን ንግግር ለሰሌዳው ነው ያደረጉለት። ጀርባቸው ላይ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ጨርሰው ዞሩ። ጠመኔው በእጃቸው ተሰባብሯል።

"እሺ፣ እንዴት ነበር?"

ፊታቸው ላይ ያንን ብርሃን ዳግም አየሁት። የሚጠብቁትን አውቀዋለሁ። አንድ ቃል ብናገር ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

"ጥሩ አይደለም፣ ጋሽ ዝማራይ። አንድም ጊዜ አላዩኝም። የፍሬኑም ነገር አልገባኝም።"

የተሰባበረውን ጠመኔ አስቀመጡ። የወንበሬን ጠርዝ ያዝኩ።

"ለልጄ አቀረብኩላት" አሉ በመጨረሻ። "በጣም ጥሩ ነው አባዬ አለችኝ፣ ያቺ ተከራካሪ። ለአለቃዬ አቀረብኩ፣ በጣም ጥሩ አለኝ። መጋዘን ያለው ሁሉ በጣም ጥሩ አለኝ። አዝነውልኝ እንደሆነ አውቄያለሁ።" ሰሌዳውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። "አንቺን የጠራሁሽ ለዚህ ነው።"

ከዚያ ጀርባቸውን ከሰሌዳው ጋር አጣብቀው ዓይን ዓይኔን እያዩ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስተኛው ትንሽ ይሻላል። ትንሽ ብቻ ነው፣ እሱንም ነገርኳቸው።